እመጫቲቱና የጥር በዓላት

የገና ጾም ከሚያዝበት ከኅዳር 15 ቀን ዠምሮ የአዊ ፈረሰኞች በዓል እስከሚከበርበት እስከ ጥር 23 ቀን ድረስ ያለው ጊዜ፥ በዚያ አገር ቤተሰብ ዘንድ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። እህሉ ከአውድማ የሚገባው፥ ሠርግ የሚሠረገው፥ ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቀው በዚሁ ወራት ነው፤ ገናና ጥምቀትም የሚውሉት በዚሁ መካከል ነው። ስለ ታቦቱ አወጣጥ፥ ስለ ካህናቱ ዝማሬ፥ ስለ ፈረሱ ጉግስ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር የወደድነው በዓሉን ሁሉ አብስላና ጠምቃ ስለምታቀርበው ስለ ቤቲቱ እመቤት፥ ይልቁንም በዚያው ወራት ስለ ወለደችው ስለ ወጣቲቱ እናት ነው።

ለመንግሥት ሥራ ተልከን በአዊ ዞን በጥርባ በሰነበትንበት ወራት ያረፍነው ከአንድ ገበሬ ቤት አጠገብ ነበር። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት የአዊ ሕዝብ ሰባት ቤት አገው ተብሎ ይጠራል፤ አንከሻ፥ ባንጃ፥ ቻራ፥ አዘና፥ ኳኩራ፥ ዚገምና መተከል የሰባት ወንድማማች ስሞች እንደ ሆኑ ሽማግሎች ይናገራሉ። ቋንቋው አገውኛ፥ ሕዝቡ ራሱ አውኚ የሚለው ነው፤ ልጆችም በትምህርት ቤት ይማሩታል። አገሩ በቀርከሃውና በፈረሱ የታወቀ ነው። ለአዊ ሰው ፈረስ መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ለሠርግም፥ ለለቅሶም፥ ለእርቅም የሚጫን ባለ ማዕረግ ነው።

የዚያ ቤት ባለቤት ወጣት ገበሬ ነው፤ ሚስቱም ዕድሜዋ ከ20 ዓመት ያለፈ፥ እስከ 8ኛ ክፍል የተማረች፥ ቁም ነገር የምታውቅ ሴት ናት። (ወጣት እናት ስንል ዕድሜዋ ሳይደርስ የተዳረችውን ማለታችን እንዳይደለ አንባቢ ይወቅልን፤ የፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግም፥ የአማራ ክልል የ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገው ወስነዋልና፥ ከዚያ በታች ያለው ነገር የሚጻፈው በቤተሰብ ገጽ ሳይሆን በወንጀል መዝገብ ነው።) ይህች ሴት ኅዳር 2 ቀን በጤና ጣቢያ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ የወለደችውም ሴት ነው። ለሴት ልጅ የሚባለው እልልታ በቁጥር ለወንድ ከሚባለው ያነሰ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የልጂቱ እናት ግን ቁጥሩን ሳይጠብቁ ደጋግመው እልል እንዳሉ ጎረቤቶች ነገሩን።

ከዚያ ቀን ዠምሮ ቤቱ በቁጥር ይተዳደር ጀመር። ሕፃኑ ወንድ ቢሆን 40ኛው ቀን ታኅሣሥ 11 ቀን ይውል ነበር፤ ክርስትናውም በጾም ስለሚሆን ድግሱ በሽሮና በምስር ባለቀ ነበር። ሴት ስለ ሆነች ግን 80ኛው ቀን የሚሞላው ጥር 21 ቀን፥ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። እንግዲህ ገናም ጥምቀትም እመጫቲቱ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳትረግጥ ያልፋሉ ማለት ነው። እርሷም ቀኑን እንዳትስት በቤቱ ምሰሶ ላይ በከሰል እየጫረች ትቈጥር ነበር።

ይህ ቁጥር ከኦሪት የመጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ12ኛው ምዕራፍ ወንድ የወለደች ሴት 7 ቀንና 33 ቀን፥ ሴት የወለደች 14 ቀንና 66 ቀን ትቈይ ዘንድ ተጽፏል፤ ይኸውም ሲደመር 40ና 80 ነው። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማርነው ይህንን ነው። ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ስለ ሰውነት ጤና ስንማር፥ የወለደች ሴት ማሕፀን ወደ ቀድሞው ሁኔታው እስኪመለስ ድረስ 6 ሳምንት ያህል እንደሚፈጅ ሰማን፤ 6 ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው። የዛሬው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፥ ይኸውም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156፥ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ዕረፍት ይሰጣታል። ኦሪት 80 ብሎ፥ አዋጁ 90 ብሎ እንዲህ ተቀራርበው መገኘታቸው እኛን ብዙ ጊዜ ያስደንቀናል።

ነገር ግን አዋጁ የተጻፈው ደመወዝ ለሚቈጠርላት ሴት ነው። የገበሬ ሚስት ቀጣሪዋ ቤቷ ነው፤ ቤት ደግሞ የፈቃድ ወረቀት አይጽፍም። እርሷን የሚያሳርፋት ይኸው የ80 ቀን ልማድ ብቻ ነው፤ ልማዱንም የሚሽርባት ክፉ ሰው ሳይሆን በዓል ነው።

ይህንንም በዓይናችን ያየነው በገና ሰሞን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እመጫቲቱ እንደ ንግሥት ተይዛ ነበር። ጎረቤት ሴቶች በየተራ ገንፎውንና አጥሚቱን ይዘው ይመጣሉ፤ ውኃውን የሚቀዱላት፥ ልብሷን የሚያጥቡላት እነርሱ ነበሩ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን እያንዳንዷ ሴት ወደ ገዛ ጓዳዋ ተመለሰች፤ በዓሉ ለሁሉም ደርሶባቸዋልና። የጠላ ነገር ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በመሶቡ አጠገብ ተቀምጦ ዋንጫ የሚቀበል ሰው፥ ጌሾው ተወቅጦ፥ ብቅሉ በቅሎና ተፈጭቶ፥ ጋኑ ታጥቦና ታጥኖ፥ ጥንስሱ ተጠንስሶ፥ ድፍድፉ ተደፍድፎ፥ በመጨረሻም ውኃው በእንስራ ተቀድቶ እንደ ተሞላ አያስብም። ከዚህ ሁሉ ከባዱ የውኃው መቅዳት ነው፤ እንስራ የሚሸከም ደግሞ ወገብ ነው፤ የእመጫት ወገብ ገና አልጠናም።

ታኅሣሥ 24 ቀን፥ በወለደች በ53ኛው ቀን፥ እመጫቲቱ ሕፃኒቱን አስተኝታ እንስራውን አንሥታ ስትወጣ አየናት። የባልየው እናት በደጃፉ ተቀምጠው ጌሾ ይቀነጥሱ ነበርና፥ "እኛስ ወልደን ገና በ20 ቀናችን እህል እንፈጭ አልነበረምን?" አሉ። የልጂቱም እናት ለበዓል ጥየቃ መጥተው ከአጠገባቸው ነበሩ፤ "እመት፥ እኛማ ፈጨን፤ ወገባችን ግን እስከ ዛሬ ይነግረናል" ብለው መለሱላቸው። ሁለቱም ሣቁ፤ የሣቁትም ነገሩ እውነት ስለ ሆነ ነው። የባልየው እናት ከዚያ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና ልጃቸውን ጠርተው፥ "አንተ፥ ያ አህያ ምን ይሠራል?" አሉት። እርሱም ጀሪካኑን ጭኖ ወደ ምንጩ ወረደ። ወንድ ውኃ ሲቀዳ ያየ ጎረቤት አንድ ሁለት ቃል መናገሩ አልቀረም፤ እርሱ ግን መልስ አልሰጠም። በማግሥቱም ወረደ።

ስለ ጾሙም ነገር እዚህ ላይ ጥቂት መናገር ይገባናል። አራስን ጾም እንደማያስገድዳት የንስሐ አባቶች ሁሉ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ሁሉ እየጾመ እርሷ ብቻ ወተትና ቅቤ መብላቷ ያሳፍራታልና፥ ብዙዎች እመጫቶች ማንም ሳያዛቸው በገዛ እጃቸው ይጾማሉ። የጤና ሠራተኞች የሚያጠባ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ መብል ትብላ ብለው ይመክራሉ፤ ሕፃኑ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም እንኳ አያሻውምና፥ የልጁም ቀለብ የሚወጣው ከእርሷ ገበታ ነው። በዚያ ቤት የባልየው እናት፥ እኒያ ስለ ወፍጮው የተናገሩት፥ በየጧቱ የገብሱን ገንፎ በቅቤ እያቀረቡ፥ "ብይ፤ ስለ አንቺ እኔ እጾማለሁ" ይሏት ነበር። ሰው በአንድ ነገር ጨካኝ ቢመስል በሌላው ደግሞ እንዲህ ርኅሩኅ ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ያንኑ ቅቤ ለተወለደች ሕፃን ማዋጥ በብዙ አገር የቈየ ልማድ ነው፤ እርሱ ለሆድ ሕመምና ለትንታ የሚያጋልጥ ስለ ሆነ ቢቀር መልካም ነው። እንግዳ ሁሉ ሕፃን መሳሙም እንደዚሁ ነው፤ በበዓል ቀን አንዲት ሕፃን ስንት ጉንፋን በጕንጯ እንደምትቀበል ማን ቈጥሮታል።

የገና ዕለት ጕልማሶቹ በሜዳው ላይ ገና ሲጫወቱ ጩኸታቸው እስከ ቤቱ ይሰማ ነበር። ቤተሰቡ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አድሮ ጧት ሲመለስ፥ እመጫቲቱ ወጡን አውጥታ፥ ዳቦውን ቈርሳ ለማቅረብ ትነሣ ዘንድ ሁሉም ይጠብቅ ነበር፤ ዳቦውን የቈረሱት ግን አማትዋ ናቸው። እኛም ከገበታው ተቀምጠን ይህን አሰብን፤ በዚህ ቀን የሚከበረው ልደት ነው፤ የተወለደውም በበረት ሲሆን እናቱ ያስተኛችው በግርግም ነው። እመቤታችንም ከወለደች በኋላ እንደ ሕጉ 40 ቀን ቈጥራ ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ አገባችው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ያን ዕለት የካቲት 8 ቀን ስምዖን አረጋዊ ሕፃኑን የታቀፈበት በዓል አድርጋ ታስበዋለች። ለመሥዋዕትም የቀረበው በሉቃስ ወንጌል እንደምናነበው ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ነበር። ይህ በኦሪት ጠቦት ለመግዛት እጅዋ ለማይደርስ ሴት የተፈቀደ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ስለ ክርስትናው ድግስ ስንናገር ይጠቅመናልና።

ገና ካለፈ በኋላ ጥምቀት በ12 ቀን ይደርሳል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ የሚባለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ የእመጫቲቱም አዲስ ቀሚስ በሣጥን ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት ለጥምቀት አልሆነም። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ ከበሩ ደጃፍ ሆና በሩቁ ሰገደች። የአማራ ክልል በዓልም ቢሆን የኢትዮጵያ፥ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧልና፥ ዛሬ ሊያየው ከባሕር ማዶ ሰው ይመጣል፤ እርሷ ግን ከደጃፍዋ ያየችው ጥላውንና የዕጣኑን ጢስ ብቻ ነው። ከዘመዶች አንዳንዶቹ ሕፃኒቱን ጠቅልለን ለሌሊቱ ወስደን ከጠበሉ እናስረጫት ብለው ነበር። የጥርን ሌሊት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን አይመክርም፤ አባትዋም እምቢ አለ።

ነገር ግን ከዚያ የሚበልጠው ክርክር የተነሣው በማግሥቱ ነው። ሕፃናት በተወለዱ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንዲከተቡ ተወስኗል፤ ይኸውም ክትባት ዘጊ አናዳን፥ ትክትክን፥ መንጋጋ ቈልፍን፥ የጉበት በሽታን፥ የሳንባ ምችንና የልጅነት ልምሻን የሚከላከል ነው። ኅዳር 2 ቀን ለተወለደች ሕፃን 6ኛው ሳምንት ታኅሣሥ 14 ቀን ነበር፤ እርሱ በሰላም ተደርጓል። 10ኛው ሳምንት ግን የሚሞላው ጥር 12 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ ዕለት ሆነ። በዚያን ቀን ማንም ስለ ካርድ አያስብም፤ እመጫቲቱ ግን አስባ፥ "በማግሥቱ ወደ ጤና ኬላ እሄዳለሁ" አለች።

አማትዋ ደነገጡ። "80 ቀን ሳይሞላሽ ከደጅ ብትወጪ ምች ይመታሻል፤ ሕፃኒቱንም ዓይነ ጥላ ያገኛታል" አሉ። እርሷም እንዲህ አለች፥ "እማማ፥ ቤተ ክርስቲያን እስክገባ 80 ቀን እቈጥራለሁ፤ የልጄንም ክትባት በ10 ሳምንት እቈጥራለሁ፤ ሁለቱም ቁጥር ነው፤ አንዱን ይዤ አንዱን አልተውም።" ነገሩ ሊከር በጀመረ ጊዜ የቤቱ የንስሐ አባት ጠበል ሊረጩ ገቡ። የሁለቱን ቃል ከሰሙ በኋላ፥ "ሥርዓቱ ወደ መቅደስ ስለ መግባት ነው እንጂ ወደ ሐኪም ስለ መሄድ አይደለም፤ ደኅና አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ ውሰዷት" አሉ። እኛ በሥራችን ብዙ ፍርድ ሲፈረድ ሰምተናል፤ በእንዲህ ያለ አጭር ቃል ሁለቱን ወገን ያስታረቀ ግን ብዙ አልሰማንም። ጥር 13 ቀን የልጂቱ እናት መስቀል በያዘ ነጠላ ሕፃኒቱን ሸፍነው፥ እመጫቲቱም አንቀልባውን ታጥቃ ሄዱ።

ይህን ስንጽፍ ነገሩን ያጋነንነው የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ በብዙ ስፍራ መንገድ እንደሚዘጋ፥ መድኃኒትና ሐኪምም ከገጠር እንደሚርቅ ያስብ። መንገድ ክፍት በሆነበት ቀን ያለፈ ቀጠሮ መንገድ በተዘጋበት ቀን አይገኝም። ስለዚህ እመጫቲቱ በዓሉን ሳትጠብቅ መሄዷ ዕልኸኝነት ሳይሆን አስተዋይነት ነው እንላለን።

አሁን ወደ ድግሱ እንመለስ። ባልየው ለመጀመሪያ ልጁ ክርስትና ትልቅ ድግስ ሊደግስ አስቦ ነበር። ደግሞም እርሱ የፈረሰኞች ማኅበር አባል ስለ ሆነ ጥር 23 ቀን ባልንጀሮቹን በቤቱ ለማብላት ቃል ሰጥቶ ኖሯል። ጥር 21 ቀን አንድ ድግስ፥ ጥር 23 ቀን ሁለተኛ ድግስ፤ በመካከሉ ያለው አንዲት ቀን ብቻ ናት። ለፈረሱም አዲስ የአንገት ጌጥ ሊያሠራ ፈልጓል። ገንዘቡ አልበቃምና ከአንድ ባለ ገንዘብ በወለድ ሊበደር ተነጋገረ።

ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም። በመዝገብ ቤት ተቀምጠን የገንዘብ ክስ ስንጽፍ፥ ዕዳው ለበሬ ወይም ለዘር የተወሰደ ሲሆን አበዳሪና ተበዳሪ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ በሬው አርሷል፥ ዘሩም በቅሏልና። ለድግስ የተወሰደ ዕዳ ግን ክርክሩ መራራ ነው፤ ድግሱ ተበልቶ አልቋል፥ የበላው ሰው ሄዷል፥ ወለዱ ብቻ በቤት ቀርቶ ከዓመት ዓመት ይወልዳል። ታላላቆቹም ቤቶች ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም፤ የሚለየው የዕዳው ቁጥር ብቻ ነው። እኛም ይህንኑ ለባልየው በጨዋታ መካከል ነገርነው፤ ይሁን እንጂ ነገሩን የቈረጠው የእኛ ምክር አይደለም።

የቈረጠችው እመጫቲቱ ናት። አንድ ምሽት ባልዋ ፊት ጥራጥሬዋን ሁሉ በቁና ሰፍራ፥ ይህ ለዘር፥ ይህ እስከ ክረምት ለመብል፥ ይህ ለድግስ ብላ ሦስት ስፍራ ከፈለችው። ከዚያም፥ "ይኸ ሦስተኛው ለአንድ ድግስ ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም። ባልንጀሮችህን ለክርስትናው ጥራቸው፤ ጥር 23 ቀን እንደ ሌላው ሰው ተጋብዘህ ብላ፤ ጌጡም ያምናው ይበቃዋል፤ ፈረሱ አያውቅም" አለችው። ባልየው መጀመሪያ ዝም አለ፤ ኋላም የመጨረሻው ቃል አሣቀው። ቃል የሰጣቸውን ባልንጀሮቹን ሄዶ ቢያነጋግር፥ ከመካከላቸው አንዱ፥ "እኛስ ሁለት ጊዜ ስንበላ እመጫት የምትሠራ መሆኑን መች አሰብን" አለው ይባላል። የማኅበሩም ወግ እንዲህ ያለውን ነገር የሚንቅ አይደለም፤ ፈረሰኞቹ በደስታ ብቻ ሳይሆን በኀዘንም የሚረዳዱ፥ የተጣላውንም የሚያስታርቁ ናቸውና።

ሥራውንም የጎረቤት ሴቶች በደቦ ያዙት። አንዲቱ እንጀራውን፥ አንዲቱ ጠላውን፥ አንዲቱ ዳቦውን ተካፈሉ፤ እመጫቲቱ የተፈቀደላት ተቀምጦ ሽንኩርት መላጥ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከወጡ ጢስ ርቃ ነው። አንድ በግ ታረደ። ጥር 21 ቀን ሌሊቱ ሳይነጋ ሕፃኒቱን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እመጫቲቱም ያንን በሣጥን የቈየ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ካህኑ በእናቲቱ ላይ ጸሎቱን ከደገሙ በኋላ ሕፃኒቱ ተጠመቀች፤ ማተብ ታሰረላት፤ የክርስትና እናትዋም ከውኃው ተቀብላ ታቀፈቻት፤ የክርስትና ስምም ወጣላት፥ ሥጋ ወደሙም ተቀበለች። በውኃው ጊዜ እጅግ ስታለቅስ የነበረችው ሕፃን ቅዳሴው ሳያልቅ ተኛች። ስለ ድግሱ ብዙ የምንለው የለንም፤ እንግዳው ሁሉ ጠገበ፥ ጠላውም አልተረፈም፥ ዕዳም አልተጻፈም።

ጥር 23 ቀን የአዊ ፈረሰኞች ቀን ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ በዓሉም በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከጦረኞቹ ጋራ የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ ነው፤ ቀኑም የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ስለ ሆነ ከፈረሰኛው ሰማዕት ጋራ ይስማማል። በእንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሱ በየወገኑ ተሸልሞ ሲሰለፍ፥ ጉግሱም ሲዠመር ያየ ሰው አይረሳውም። ነገር ግን ዓድዋ የፈረስና የፈረሰኛ ብቻ አልነበረም። ከሠራዊቱ ጋራ ሴቶች ስንቁን ተሸክመው፥ ውኃውን ቀድተው፥ ቍስለኛውን አንሥተው ዘምተዋል፤ እቴጌ ጣይቱም በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረጉት ምክር በታሪክ የታወቀ ነው። ፈረሱ ሲታሰብ እንስራውም ቢታሰብ በእኛ አስተያየት የበዓሉ ክብር አይቀንስም።

ባልየው በዚያን ጧት ፈረሱን ባምናው ጌጥ ሸልሞ ተነሣ። ፈረሰኞቹም በመንገዱ እየተጠራሩ፥ አቧራውን እያስነሡ በጥርባ በኩል አለፉ። እመጫቲቱ ሕፃኒቱን በአንቀልባ አዝላ ከመንገዱ ዳር ቆማ ነበር፤ ከወለደች ወዲህ በበዓል ቀን ከሰው መካከል ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። ሴቶቹ ከበው ሕፃኒቱን ሊስሙ ሲሽቀዳደሙ አማትዋ፥ "እጇን ሳሙ፤ ፊቷን ተዉ" እያሉ ይከላከሉ ጀመር። ይህን ከማን እንደ ተማሩት አልጠየቅናቸውም።

ማታ ባልየው ተመልሶ ኮርቻውን ሲያወርድ፥ በምሰሶው ላይ ከ80ው ጭረት በታች አዲስ ጭረት መዠመሩን አይቶ ምን እንደ ሆነ ጠየቃት። እርሷም ሦስተኛው ክትባት የካቲት 10 ቀን ስለ ሆነ እንደገና መቍጠር መዠመሯን ነገረችው። እርሱም ኮርቻውን በመስቀያው ላይ እየሰቀለ፥ "እንግዲያስ በዚያን ቀን ፈረሱን ላንቺ እጭነዋለሁ፤ በእግርሽ አትሄጂም" አላት።